ቤተ መጻሕፍታችን ተከራይ ሆኗል!

ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በስልካችን የምንዋሰው ኢ-መጽሐፍ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት እንዳይመስለን። ኪራይ ነው። ውሉ ሲያበቃ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ይጠፋል፤ ለዚህ እሳትም ምስጥም ሌባም አያስፈልግም።

የታተመ መጽሐፍ አንዴ ከተገዛ ገጹ እስኪያልቅ ይዋሳል፣ ሲቀደድም ይጠገናል፤ አሳታሚውን ማስፈቀድ አያስፈልግም። በኢ-መጽሐፍ ግን ቤተ መጻሕፍቱ የሚገዛው ፈቃድ ብቻ ነው፤ የፈቃዱን ዋጋና ዕድሜ የሚወስነውም አሳታሚው ነው። አሜሪካ ውስጥ አሳታሚው ሃርፐርኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ ፈቃዱ እንዲያበቃ ወሰነ። ሌሎች ትልልቅ አሳታሚዎች የሁለት ዓመት ፈቃድ ይሸጣሉ። ማክሚላን ደግሞ ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ አዲስ መጽሐፍ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት የምሸጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው አለ። ሚሊዮኖች ለሚኖሩበት ከተማ አንድ ቅጂ! ብዙ ቤተ መጻሕፍት ግዢ አቆሙ፣ አንባቢዎችም ፊርማ አሰባሰቡ፤ ገደቡ በማርች 2020 ተነሣ። ዝም ቢሉ ኖሮ ልማድ ሆኖ ይቀር ነበር።

አገር አቀፍ አገልግሎት ብቻውን መፍትሔ ይሆናል የሚል ዴንማርክን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የአገሪቱ የኢ-መጽሐፍ አገልግሎት ኢ-ሬኦለን ያለ ወረፋ ያውስ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍትም በየውሰቱ ይከፍሉ ነበር። ሕዝቡ በወደደው መጠን ሒሳቡ ናረ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም አንድ ሰው በወር የሚዋሰውን ይገድቡ ጀመር። ትልልቅ አሳታሚዎችም በ2012 መጻሕፍታቸውን ይዘው ወጡ። አገር ሁሉ በአንድ በር ሲገባ፣ በሩን የሚዘጋውም አንድ ውል ነው።

ሕጉም ገና አልጠራም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ለአንድ አንባቢ ብቻ ከተሰጠ እንደ መደበኛ ውሰት ሊቆጠር ይችላል ብሏል። የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ግን አሳታሚዎች በተመጣጣኝ ሁኔታ ፈቃድ እንዲሰጡ ያወጣችውን ሕግ፣ የቅጂ መብት የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው በሚል ፍርድ ቤት በ2022 ሻረባት።

ደራሲና አሳታሚ የድካማቸውን ዋጋ ያግኙ፤ መጽሐፍ በነፃ ይሰጠን የሚል የለም። ነገር ግን ሕዝብ በግብሩ የከፈለበት መጽሐፍ በየሁለት ዓመቱ እንደ አዲስ መገዛት የለበትም።

በአሜሪካም በአውሮፓም የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያላችሁ ወገኖች፣ ቤተ መጻሕፍታችሁ የሚያወጣውን ገንዘብና የፈረመውን ውል ጠይቁ። አገር ቤት እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመዘርጋት የምታስቡም ከፊርማ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማያልቅ ፈቃድ ወይም ግዢ፣ አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ፣ አሳታሚው ቢወጣ እንኳ በቤተ መጻሕፍቱ እጅ የሚቀር ቅጂ። እነዚህ በውሉ ካልሰፈሩ አትፈርሙ።