ሁለት ሰው፣ አንድ በር፣ 168 ሰዓት

ከልደታ ማርያም ወደ ፍርድ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ፈረቃው እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። «24 በ24» የሚል መልስ መስማታችሁ አይቀርም። ዛሬ ጠዋት ይገባል፣ ነገ ጠዋት ይወጣል፣ አንድ ቀን ያርፍና ይመለሳል። አሠሪውም፣ ኤጀንሲውም፣ ብዙ ጊዜ ጥበቃው ራሱም እንደ ደንብ ለምደውታል። እኔ ግን የሰው ላብ መብላት ነው እላለሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ ለሁለት ጥበቃ ሲካፈል ለአንዱ በአማካይ 84 ይደርሰዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ትርፉ 36 ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ለሌሊቱ አንድ ከሦስት አራተኛ፣ ለሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ ለሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ይሆናል። ሌሊቱንም በዓሉንም ትተን ሁሉንም በዝቅተኛው ብናሰላው እንኳ 36ቱ ሰዓት የ54 ሰዓት ክፍያ ያወጣል። ጥበቃው የተከፈለው ግን ለ48 ነው። ደመወዙ 3,000 ብርም ይሁን 8,000 ያልተከፈለው ከተከፈለው ይበልጣል።

ቢከፈልም ሕጋዊ አይሆንም። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ገድቦታል። የፈቀደውም ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራና የቀረ ባልደረባን ለመተካት ለመሳሰሉት እንጂ ዓመት እስከ ዓመት እንዲሠራበት አይደለም። አንድን በር ቀንም ሌሊትም በሕጉ መሠረት ለማስጠበቅ ሦስት ሰው ተኩል ያስፈልጋል። የሚቀጠረው ሁለት ነው።

«ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፤ ሌሊት ይተኛል» የሚለውን መከራከሪያ ስንት ጊዜ ሰማን! ሕጉ ግን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትን ጊዜም የሥራ ሰዓት ብሎ ይቆጥራል። ደግሞስ የትኛው እንቅልፍ? የጥበቃዋ የቆርቆሮ ቤት እግር አታዘረጋም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ጋቢውን ጥሎ በሩን መክፈት አለበት። ከጓሮ ባትሪ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለተጠያቂነት ሲሆን ነቅቶ ነበር፣ ለክፍያ ሲሆን ተኝቶ ነበር ማለት አይቻልም።

«ተስማምቶ ፈርሟል» ይባላል። የሥራ ውል በሕግ ከተቀመጠው ያነሰ ሁኔታ ሊያስቀምጥ አይችልም፤ ፊርማው ይህን አይቀይረውም። የሕንፃው ባለቤት «ኤጀንሲውን ጠይቅ» ይላል፣ ኤጀንሲው «ሕንፃው የሚከፍለን ይኸው ነው» ይላል። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ለዓመታት በቆየበት አገር፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት በምን አቅሙ ይደራደር?

ከሁሉ የከፋው ግን ይርጋው ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሥራ ላይ እያለ አሠሪውን የሚከስ ጥበቃ ማን ነው? በማግሥቱ ሌላ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አፉን ይዞ ይቆያል፤ ሲባረር ወደ ልደታው ፍርድ ቤት ይመጣል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው መጠየቅ የሚችለው የመጨረሻውን ግማሽ ዓመት ብቻ ይሆናል። አራት ዓመት ተኩሉ ለአሠሪው ቀረለት። ቸል ላለ ባለመብት የታሰበ ደንብ መናገር ያልቻለውን ሰው እየቀጣ ነው። ሕግ አውጪው ይህን አንቀጽ ሊያሻሽለው ይገባል፤ ይርጋው መቆጠር ያለበት የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን በጥበቃው እጅ አንድ ነገር አለ። የትርፍ ሰዓትን መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ቢሆንም፣ የማይከፍል አሠሪ አይመዘግብም። የመረካከቢያው መዝገብ ግን በየበሩ አለ፤ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ። የሥራ ክርክር ያለ ዳኝነት ክፍያ ይታያል፤ ሕጉም በመጀመሪያ ደረጃ በ60 ቀን እንዲወሰን ያዛል። ጥበቃ የሆነ ወንድም ወይም አባት ያላችሁ፣ የዚያን መዝገብ ገጾች ፈረቃ በተቀያየረ ቁጥር በስልኩ ፎቶ እንዲያነሳ ንገሩት፤ ስድስቱ ወር ሳያልፍም ይዞት ፍርድ ቤት ይቅረብ።