እጅ ነስቶ መጋጠም

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 አንካራ ላይ የሆነውን የኳስ አፍቃሪ አይረሳውም። በ97ኛው ደቂቃ የገባች የአቻነት ጎል ያንገበገበቻቸው የአንካራጉጁ ክለብ ፕሬዚዳንት ሜዳ ገብተው ዳኛውን ኡሙት ሜለርን በቦክስ ዘረሩት። የቱርክ ሊግም ተቋረጠ። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ደግሞ ዩኤፋ ዳኛ ማነጋገር የሚችለው አምበሉ ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። ሚሊዮን የሚከፈለው ጎልማሳ እንደ ሕጻን ጠባቂ አስፈለገው ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ሥራቸው ሰው መጣል የሆነ ስፖርተኞች ዳኛ ከበው ሲጯጯሁ ብዙም አይታዩም። ለምን?

ወደ 1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ መለስ እንበል። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ እዚያው ከተማ ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ፣ ግዙፉ ሆላንዳዊ አንቶን ጊሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን ምንጣፍ ላይ ጨምድዶ ይዞ አሸነፈው። ጁዶ ኦሊምፒክ የገባው ያኔ ነው፤ የጃፓኖች ስፖርት፣ በጃፓኖች አገር! የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጊሲንክ እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። ጭፈራው ለተሸናፊው እጅ ከተነሳ በኋላ ነው።

ይሄ የጊሲንክ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ የሥልጠናውም ውጤት ነው። ጁዶን በ1882 የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ መምህር ነበር፤ መርሁም አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ መጠቀም ነው። አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። የሚጥለው ጓደኛው እጅጌውን ይዞ አወዳደቁን ያቀልለታል፤ ቀጥሎ ወዳቂው ራሱ ነዋ! ጓደኛውን የሰበረ ሰው በማግስቱ አብሮት የሚሠራ አያገኝም። ሐኪሙም ሊስትሮውም እዚያ የሚለዩት በቀበቶ ቀለም እንጂ በኪስ አይደለም።

ቀበቶ ብቻውን ግን ጠባይ አያርቅም። የቴኳንዶ ጥቁር ቀበቶ ባለቤቱ ዝላታን ኢብራሂሞቪች በ2012 እንግሊዝ ላይ በመቀስ ምት ያገባት ጎል እግሩ የት እንደተማረ ትመሰክራለች። ይኸው ዝላታን ግን በ2010 ሚላን ልምምድ ላይ ከቡድን ጓደኛው ከኦጉቺ ኦንየው ጋር ተቧቅሷል።

እግር ኳስም መጨባበጥ አያጣም፤ ተሰልፈው የሚጨባበጡት ግን ከጨዋታው በፊት፣ ገና ማንም ሳይሸነፍ ነው። በጁዶ ከፍልሚያው በኋላም እጅ መንሳት ግዴታ ነው።