ዕዳው በቁጥር፣ ደመወዙ በተስፋ

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት በየዩኒቨርሲቲው አንድ ወረቀት ይፈረማል። ወረቀቱም የወጪ መጋራት ውል ይባላል። ብዙዎቻችን ተሰልፈን፣ ብዕር ተዋውሰን፣ ቃሉን ሳናነብ ፈርመን ወደ መኝታ ክፍላችን እንመለሳለን። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ርእሰ አንቀጽ ያንን ውል ከጓደኞቻችንና ከመምህራኖቻችን ጋር አብረን ልንመረምረው እንወዳለን። ለምሳሌ የምንወስደውም የኬሚካል ምህንድስናን ነው፤ ይኸውም አምስት ዓመት የሚፈጅ፣ ተመራቂውም ያለ ፋብሪካ በሙያው ሊሠራበት የማይችል ትምህርት ስለ ሆነ ነው።

ቀድሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ተማሪው ለአገሩ ውለታ የሚመልሰው በብር ሳይሆን በጉልበቱና በዕውቀቱ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች አንዱን ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወረዱ፣ ይልቁንም በማስተማር፣ ያገለግሉ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ዋጋ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጅ እንዲጋራ፤ ከተመረቀ በኋላም ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ እየከፈለ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲጨርስ ደነገገ።

እኛ ሐሳቡን አንነቅፍም። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልደረሰለት ገበሬ በሚከፍለው ግብር የእኛ ማዕድ ብቻ እንዲሞላ መጠየቅ ፍርድ አይሆንም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል የአገራችን ሰው፤ እኛ ግን ቸግሮን ነው የተበደርነው። ነገር ግን የተበደረ ሰው ስንት እንደ ተበደረና ከምን እንደሚከፍል ማወቅ ይገባዋል።

እስቲ እናስላው። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው 22 ብር ነበር። በዓመት 300 ቀን ብንቆጥር 6,600 ብር፣ በአምስት ዓመት 33,000 ብር ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የቀኑ ምደባ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። ማዕዱ ስለ ተሻሻለ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በተማሪው ስም ቢመዘገብ ዓመቱ 30,000፣ አምስት ዓመቱ 150,000 ብር ይደርሳል። አራት ዓመት ብቻ ከሚማረው ጓደኛው ይልቅ የኬሚካል ምህንድስናው ተማሪ የአንድ ዓመት ቀለብ በብልጫ ይጫንበታል ማለት ነው።

በሌላው ሚዛን ደመወዙን እናስቀምጥ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት ሥራ የሚቀጠር ሰው መነሻ 11,500 ብር ሆነ። ከመቶ 10 እጁ 1,150 ብር ነው። በዚህ ልክ የምግቡ ዕዳ ብቻ 10 ዓመት ከ10 ወር ያህል ይፈጃል። በ15 ዓመት ሊከፈል የሚችለው በጠቅላላው 207,000 ብር ስለ ሆነ ለመኝታውና ለትምህርቱ የሚተርፈው 57,000 ብር ብቻ ነው። አንድ ፋብሪካ የዚህን እጥፍ ቢከፍለው ግን የምግቡ ዕዳ በአምስት ዓመት ተኩል ያልቃል። ደመወዝ እያደገ፣ ብርም እየረከሰ ሲሄድ ሸክሙ እንደሚቀልም አንክድም።

እንግዲህ የምንፈራው የዕዳውን ብዛት አይደለም። የሚያስፈራን በምረቃውና በመጀመሪያው ደመወዝ መካከል ያለው ጊዜ ነው። የኬሚካል መሐንዲስ ሱቅ ከፍቶ አይቀመጥም። በሮቹ የስኳር፣ የሲሚንቶ፣ የቆዳ፣ የቢራና የሳሙና ፋብሪካዎች ናቸው፤ እነዚህም በሮች ከተመራቂው ቍጥር ጋር አልተመጣጠኑም። ሥራ ፈላጊውም እስኪሳካለት ድረስ በወላጆቹ ትከሻ ላይ ይቆያል። በዚህ ላይ በየሬጅስትራሩ እንደ ተለመደው ዕዳውን ያልከፈለ ተመራቂ ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል እንጂ ዋናውን ማስረጃ አያገኝም። በውጭ አገር ትምህርቱን ሊቀጥል ወይም ሥራ ሊፈልግ ቢያስብ ግን የሚጠየቀው ዋናውን ነው። ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፤ ለሥራ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለማስረጃ ደግሞ መክፈል ያስፈልጋል። ይህ ክብ የሚፈታው በማን ነው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በየዓመቱ መጨረሻ እስከዚያ ቀን ድረስ የደረሰበት ዕዳ በጽሑፍ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ የትምህርት ክፍሎች ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎቻቸው የት እንደ ተቀጠሩ፣ ስንት ወር እንደ ጠበቁና በስንት ብር እንደ ጀመሩ አጣርተው፣ ስም ሳይጠቅሱ፣ ተማሪው ክፍል ከመምረጡ በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፉልን። ሦስተኛ፣ ሥራ እንዳላገኘ ያስረዳ ተመራቂ ዕዳው በመዝገብ እንዳለ ሆኖ የውጤት ማስረጃው ወደሚፈልገው ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይላክለት። ከመምህራኖቻችንም የምንለምነው አለ፤ የልምምዱ ወራት ለፊርማና ለማኅተም ብቻ እንዳይሆን የፋብሪካዎቹን በር ቀድመው እንዲያንኳኩልን ነው።

ለጓደኞቻችን የምንለው ደግሞ አጭር ነው። የኬሚካል ምህንድስናን የወደደ ይማረው፤ አገራችን ማዳበሪያዋን ከባሕር ማዶ እየገዛች ሳለች ይህ ሙያ ትርፍ ነው የሚል ሰው አይገኝም። ብቻ በሚቀጥለው ዓመት ሰልፉ ላይ ስንቆም ወረቀቱን አንብበን፣ ቍጥሩን ጠይቀን እንፈርም። ዕዳ መክፈል ነውር አይደለም፤ ስንት እንደሆነ ሳያውቁ መፈረም ግን ለተማረ ሰው አይገባም።