«ምን አገኘህ?»

ጌም የሚጫወት ወጣት ሁሉ ዕድሜውን እያባከነ ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከገጽ ገጽ ይዞራል። ሼር ካደረጉት መካከል የእናንተን የወዳጆቼን ስም በብዛት አየሁ። እኔ አልስማማም። ግን «ጌም እንግሊዝኛ ያሻሽላል፣ አእምሮ ያፈጥናል» ምናምን ብዬ ልከራከራችሁ አይደለም። ብዙው ጌም በእርግጥ ጊዜ ይበላል፤ እሱን ለወላጆች ትቼዋለሁ። የእኔ ክርክር ስለ አንድ ጉዞና ጉዞውን ተከትላ ስለመጣች አንዲት ጥያቄ ነው።

ወረታ እያለሁ ፊዚክስ ያስተማርኩት አንድ ልጅ አለ። አሁን ውጭ አገር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሲያነበው ራሱን ያውቃል። አባቱ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ ሰው ናቸው። ልጁ በ2011 ዓ.ም ከጥር ጀምሮ ለወራት፣ ከሥራ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ መንኮራኩር ሲነዳ ከረመ። አባት በስልክ «ማታ ማታ ምን ስትሠራ ነው ድምፅህ የሚጠፋው?» ሲሉት እውነቱን ነገራቸው። በጌም ውስጥ የጋላክሲው ጫፍ ድረስ እየሄድኩ ነው አላቸው። «ደረስክ?» ደርሻለሁ አባዬ። «ምን አገኘህ?» ምንም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «መምህር፣ ይኸ ልጅ ጤናውን ነው ይላሉ?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ ግን ከልባቸውም ነበር።

ጤናውን ነው። እንዲያውም እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ከሰሌዳው ውጭ የት እንደሚኖር የገባው እሱ ይመስለኛል። ላስረዳ።

ጌሙ ኤሊት ዴንጀረስ ይባላል። እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ያለ ፍሮንቲየር የሚባል ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሰዎቹ የሠሩት ፍኖተ ሐሊብን ነው፤ ይሄን እኛ የምንኖርበትን ጋላክሲ፣ በሙሉ መጠኑ። 400 ቢሊዮን ኮከቦች። ለእኛ ቅርብ የሆኑትን፣ ከመቶ ሺህ በላይ፣ ከእውነተኛ የሥነ ፈለክ መዝገብ ወስደው በየቦታቸው አስቀመጡ፤ የቀረውን ኮምፒውተር ስለ ጋላክሲያችን በሚታወቀው ሳይንስ መሠረት እንዲሞላው አደረጉ። 400 ቢሊዮን ስል ቁጥሩ ዝም ብሎ እንዳያልፋችሁ፦ በሰከንድ አንድ ኮከብ እየቆጠራችሁ ሳትተኙ ብትቀጥሉ ከ12,000 ዓመት በላይ ይፈጅባችኋል። ሰው ሁሉ ዓመታት ተጫውቶበት የተጎበኘው አንድ በመቶ እንኳን አልሞላም።

የልጁ ጉዞ ደግሞ ብቻውን አልነበረም። ዲስታንት ወርልድስ ሁለት የተባለ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ያዘጋጁት ዘመቻ ነው። ከ13,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ከኛዋ ፀሐይ አካባቢ ተነሥተው ቢግል ፖይንት እስከሚባል፣ 65,000 የብርሃን ዓመት የሚርቅ ኮከብ። ስሙ ከዳርዊን መርከብ የተወሰደ ነው። አንድ ጥሩ መንኮራኩር በአንድ ዝላይ 50 የብርሃን ዓመት ቢሄድ፣ 1,300 ዝላይ ነው፤ ያውም ቀጥ ብሎ ከሄደ። እነሱ ግን ቀጥ ብለው አልሄዱም። በመንገድ ላይ፣ በጋላክሲው መሃል ካለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አቅራቢያ ጣቢያ እንዲሠራ ማዕድን እየቆፈሩ ሲያዋጡ ሰነበቱ።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። ነዳጅ ከየት ይመጣል? ከኮከብ። መንኮራኩሩ ወደ ኮከቡ ተጠግቶ ከላዩ ይቀዳል። ግን ከሁሉም ኮከብ አይቀዳም። ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም፤ የድሮ ተማሪዎቼ ይቺን ዝርዝር ታስታውሷታላችሁ፣ «ቲቸር ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» እያላችሁ ያስጨነቃችሁኝ። ከሰማያዊው፣ በጣም ከሚግለው ኦ እስከ ቀዩና ቀዝቃዛው ኤም። ፀሐያችን ጂ ናት። ከእነዚህ ትቀዳለህ። ቡናማ ድንክ ከሚባሉት፣ ኮከብ ለመሆን ክብደታቸው ካልበቃ፣ አትቀዳም። የሚቀጥሉት ሦስት አራት መቆሚያዎች ቡናማ ድንክ ከሆኑና ካላየህ፣ በባዶ ታንክ ጨለማ ውስጥ ትቀራለህ። ክፍል ውስጥ በጥዋት እያዛጋ የሸመደደው ዝርዝር እዚያ የሞት የሽረት ጉዳይ ሆነ። በነገራችን ላይ አልመጣም፤ ፈተና ላይ።

ነዳጅ ጨርሶ የቀረ ሰው ምን ይሆናል መሰላችሁ? ፊውል ራትስ፣ የነዳጅ አይጦች እንደማለት፣ የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ ተጫዋቾች አሉ። ትጠራቸዋለህ፤ ነዳጅ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰጥተውህ ይሄዳሉ። ክፍያ የለም። እኛ ወንፈል የምንለው እንኳን ብድር አለው፤ ዛሬ የኔን ሩዝ ካጨድክ ነገ ያንተን አጭዳለሁ። እነዚህ ብድርም አይጠይቁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። በጌሙ ውስጥ ማንም ያልረገጠው ኮከብ ጋ ቀድመህ ከደረስክ ስምህ ይጻፍበታል፤ ከአንተ በኋላ የሚመጣ ሁሉ «መጀመሪያ ያገኘው እገሌ» የሚል ያነባል። ሁለት ሕጎች ግን አሉ። አንደኛው፣ ያየኸውን መዝግበህ ተመልሰህ ጣቢያ ላይ ማስረከብ አለብህ። በመንገድ ላይ መንኮራኩርህ ከተሰባበረ የወራት ምዝገባህ ሁሉ ይጠፋል፤ ስምህም የለም። ሁለተኛው፣ ሰው የሚኖርበት ሠፈር መጀመሪያውኑ የታወቀ ነውና የማንም «አገኘሁ» ባይ ስም አይጻፍበትም።

እነዚህን ሁለት ሕጎች ሲነግረኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ ጣና ነው።

ጄምስ ብሩስን ታውቁታላችሁ። ስኮትላንዳዊው። ጎንደር በ1770 እ.ኤ.አ. ገብቶ፣ እኛው መንገድ ላይ እንፍራዝ ሰንብቶ፣ ኅዳር 4 ቀን (በእነሱ አቆጣጠር) ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ ዳር ቆሞ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። የዓባይን ምንጭ ያገኘሁ እኔ ነኝ አለ። ነገር ግን ከእሱ ከ150 ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1618፣ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ እዚያው ምንጭ ላይ ቆሟል። ጽፎታልም። ግን ፓኤዝ አልተመለሰም፤ በ1622 ጎርጎራ ሞተ፣ ከኛ ማዶ ጣና ዳር። ሙሉ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የገባው ከ1900 በኋላ ነው። ብሩስ ግን ተመለሰ፣ አምስት ቅጽ አሳተመ፣ መዝገቡን አስረከበ። ለንደን ቢሳለቁበትም ስሙ ተጻፈ። አንደኛው ሕግ እንግዲህ እንዲህ ይሠራል፤ ጨካኝ ነው፣ ግን ደግሞ እውነት ነው። ያልተረከበ እውቀት እንዳልነበረ ይቆጠራል። የስንቱ ደብተራ፣ የስንቱ አዋቂ መዝገብ እንዲህ እንደቀረ አስቡት።

ሁለተኛውን ሕግ ግን ያኔ የሚያከብረው አልነበረም። ግሽ ላይ ሰው ይኖር ነበር! ከብሩስም ከፓኤዝም በፊት ከምንጩ የሚጠጣ፣ ምንጩን የሚያከብር፣ መንገዱን ያሳያቸው ሰው። አንድ የጌም ኩባንያ ዛሬ ይሄ ገብቶት «ሰው ያለበት ቦታ አይገኝም፣ ይጎበኛል እንጂ» የሚል ሕግ ማውጣቱ ደስ ይለኛል። ለንግድ ብለው ይሁን ለፍትሕ አላውቅም፤ ሕጉ ግን ትክክል ነው።

ብሩስ ሲመለስ ደግሞ ምን ይዞ እንደሄደ ልብ በሉ። መጽሐፈ ሄኖክን፣ ሦስት የግእዝ ቅጂ። አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ ያጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነበር። እዚያ ውስጥ ስለ ብርሃናት ረጅም ክፍል አለ፤ ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት በሮች እየተዘዋወረች ትወጣለች፣ በምዕራብ ስድስት በሮች ትገባለች ይላል። ተረት የሚመስለው ካለ አንድ ዓመት ሙሉ ወረታ ቆሞ ይመልከት። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በጉና አቅጣጫ ትወጣለች፤ ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ሸሽታ ሌላ ቦታ ላይ ታገኟታላችሁ። ጣራ ገዳምን የመሰለ ከፍታ ላይ፣ ጫካው ጠርዝ፣ ሌሊት ለጸሎት የሚነሣ ሰው ይሄንን ለማወቅ ኮምፒውተር አላስፈለገውም። ሰማዩን ያነበበው ግን ትርፍ አገኝበታለሁ ብሎ አልነበረም።

አባትየውን ያልኳቸው ይሄንኑ ነው። «እርስዎ በጎልማሳነትዎ ለገና ላሊበላ በእግር ሄደዋል አይደል?» አልኳቸው። ሄደዋል። «ምን አገኙ?» «በረከት ነዋ!» አሉ፣ ተቆጥተው ማለት ይቻላል። ጌምና ሱባኤ አንድ ነው አላልኩም፤ ብል ኖሮ ዱላቸውን ባነሡብኝ። ያልኩት፣ ከጉዞ ሁሉ ተሸክሞ የሚመጣ ነገር አይጠበቅም ነው። ዝም አሉ። ከዚያ «ለመሆኑ እዚያ ጫፍ ላይ ሆኖ አገራችን ትታያለች?» አሉኝ። ይቺ ናት ጥያቄ! አትታይም። ፀሐያችን ራሷ በዓይን አትታይም። ብትታይም እንኳን፣ በዚያ ርቀት የሚደርሰው ብርሃን ከ65,000 ዓመት በፊት የተነሣው ነው፤ ሰው ገና እርሻም ጽሕፈትም ሳያውቅ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ አምስት ወር ያየው ይሄን ነው እንግዲህ። «ምንም» ያለው ይሄን ነው።

«ምን አገኘህ?» በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ብዙ ነገር የገደለች ጥያቄ ናት። ፈተና ላይ ይመጣል? ሥራ ያስገኛል? ምን ያህል ይከፈላል? ድሃ አገር ውስጥ ጥያቄው ተገቢ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሩዙ ካልታጨደ ማታ የሚበላ የለም። ግን ጥያቄው ብቻውን ሲቀር፣ አንድ ልጅ ማታ ቀና ብሎ «ያ ምንድን ነው?» ለማለት እንኳን ያፍራል።

መጥፎው ነገር፣ ይሄ ጌም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ ጠንካራ ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ በኋላ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የፎገራ ልጅ ኤሊት ዴንጀረስ ይጫወት ብዬ ብጽፍ ቀልድ ይሆንብኛል። ቅር የሚለኝ ግን ይሄው ነው፤ ሰማዩ ያለው እኛ ጋ፣ መንኮራኩሩ ያለው እነሱ ጋ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ላክል። በ2012 ዓ.ም ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና በመጠቀች ሰሞን፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት አከፋፍሎ ስም አውጡ ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ኮከብ ቡና ተባለ፤ የሚዞረው ፕላኔት አቦል። (ሌላ ፕላኔት ከተገኘ ስሙ ከወዲሁ ይታወቃል፤ ቶና ነዋ።) ቡና ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ ማታ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው፤ ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ ሳለች።

ወረታና አዲስ ዘመን ያላችሁ፦ ሴሌስቲያና ስቴላሪየም የሚባሉ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ኢንተርኔት አይፈልጉም፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ። በሴሌስቲያ ከመሬት ተነሥታችሁ ኮከብ ለኮከብ መሄድ ትችላላችሁ፤ ነዳጅ አያልቅም፣ አይጦቹንም አትጠሩም። በስቴላሪየም ደግሞ የሰፈራችሁን ሰማይ ታያላችሁ፤ መፈለጊያው ላይ ኤችዲ 16175 ብላችሁ ጻፉ፣ ቡና እሱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይቆማል። በባዶ ዓይን አይታይም፣ ባይኖኩላር ያስፈልጋል፤ ያለው ሰው ለሰፈሩ ያውሰው። ሁለቱም ፕሮግራም እኔ ጋ አሉ፤ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ቫይረስ የሌለበት ይሁን ብቻ።