መናፈሻው ከመታጠሩ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ

ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ከሥራ ውጪ ያለው ጊዜ በስጦታ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 የቺካጎ ላብ አደሮች አደባባይ የወጡት የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት እንዳይበልጥ ለመጠየቅ ነበር። ከጥያቄያቸው በስተጀርባ የነበረውም አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ ሰው ከሃያ አራቱ ሰዓት ስምንቱን ለሥራ፣ ስምንቱን ለእንቅልፍ፣ የቀረውን ስምንት ደግሞ ለራሱ ያውለው የሚል ነበር። በአገራችንም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ቦታ የሌለው ጊዜ ግማሽ መብት ነው። በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ያችን የራሱን ሰዓት የት ያሳልፋት? ልጆቹስ የት ይሩጡ? ባለጸጋው በግቢው ውስጥ አትክልትና ጥላ አለው። የሠርቶ አደሩ ግቢ የሰፈሩ መናፈሻ ነው።

ስለሆነም የሰፈር መናፈሻን ማሻሻል የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ መሆኑ አያጠያይቅም። ሜዳው ይጽዳ፣ ዛፍ ይተከል፣ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ፣ መብራት ይግባ በሚለው ላይ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው ከዚያ ቀደም ባለው ጥያቄ ላይ ነው። የሚሠራውን ማን ወሰነ? የተሠራውንስ ማን ያስተዳድራል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ መናፈሻ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት የሰፈሩ ሆኖ ሊዘልቅ አይችልም።

በተግባር እንደሚታየው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ብዙውን ጊዜ የተገለበጠ ነው። ንድፉ በቢሮ ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። ከዚያም ነዋሪው ለስብሰባ ይጠራል፤ ባለቀለሙ ሥዕል ይታየዋል፤ ይጨበጨባል፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። በመጨረሻም መዋጮና ጉልበት ይጠየቃል። በሪፖርቱም ላይ «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የተሠራ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ተሳትፎ አይደለም። አሳቡ ያልተጠየቀ ሰው ኪሱና ክንዱ ብቻ ሲጠየቅ ተሳተፈ ሳይሆን ተገበረ ነው የሚባለው።

የዚህ አሠራር ውጤት በመሬት ላይ ይነበባል። ባለሙያው በካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ብሎ ያለፈው ሜዳ ለነዋሪው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። የሠርጉ ዳስ የሚጣለው፣ መስከረም 16 ቀን የሰፈሩ ደመራ የሚለኮሰው እዚያ ነው። በበጋ እናቶች በርበሬና ጥራጥሬ የሚያሰጡት፣ ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩት፣ አመሻሹ ላይ የጉሊት ሻጮች ከሥራ የሚመለሰውን ሰው የሚጠብቁት በዚያው ነው። ይህን ሁሉ ሥራ ተሸክሞ የኖረ መሬት በአበባ መደብና በሣር ተሸፍኖ «መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሲቆምበት፣ ሰፈሩ መናፈሻ አገኘ ከማለት ይልቅ ሜዳውን አጣ ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ድንኳኑ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ኳሱ ወደ መኪና መንገድ ይወርዳል። ጉሊቷም ደንብ ተላላፊ ትባላለች። ሦስቱም ቀድሞ በነበራቸው ቦታ ማንንም አላስቸገሩም ነበር።

ይህን በተመለከተ ታሪካችን የሚሰጠን ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ አድርጓል። በአዲስ አበባ ሐምሌ 19 የሚል ስም የተሰጠው መናፈሻም ያንን ዕለት ያስታውሳል። ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች እንዲያስተዳድሩ የተደረጉት ቀበሌዎች ከሚሰበስቡት ገንዘብና ከነዋሪው ጉልበት የሰፈር መንገድ፣ የጋራ መጸዳጃና መዋዕለ ሕፃናት ሠርተዋል። የሰፈርን ጉዳይ በሰፈር ደረጃ መፈጸም እንደሚቻል በዚህ ታይቷል።

በሌላ በኩል ግን ያው ድርጅት ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ ማውረጃ ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠረጥርበት፣ ሰው ከቤቱ የሚወሰድበት መሣሪያ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ነዋሪው በስብሰባ መካከል አንድ ነገር ተማረ፤ እርሱም ዝምታ ነው። ትውልድ ቢለወጥም ይህ ትምህርት በቀላሉ አልተረሳም። ዛሬም በብዙ የሰፈር ስብሰባዎች ላይ የሚሰማው ጭብጨባ የዚያ ዝምታ ሌላው መልክ ነው። ስለዚህ «ሕዝቡን ሰብስበን ጠየቅነው፣ የተቃወመ የለም» የሚል ኃላፊ ከምን ዓይነት ዝምታ ጋር እንደተነጋገረ ሊያስተውል ይገባዋል። ጭብጨባ ስምምነት አይደለም፤ ዝምታም ፈቃድ አይደለም።

የጉልበት መዋጮም ቢሆን ከውሳኔ ሲነጠል ባሕርዩን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1919 በሞስኮ የባቡር ጥገና ሠራተኞች የጀመሩት የቅዳሜ የነጻ አገልግሎት፣ ማለትም ሱቦትኒክ፣ በመነሻው በራሳቸው ተነሳሽነት የተፈጸመ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን መቅረት የሚያስጠይቅበት የግዴታ ልማድ ሆነ። በእኛም ዘንድ ዘመቻ የሚለው ቃል የደረሰበት ዕጣ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰው ያልመረጠውን ችግኝ በትእዛዝ ይተክላል። በማግስቱ ውሃ ለማጠጣት ግን የሚመለስ የለም፤ ችግኙ የትእዛዙ እንጂ የእርሱ አይደለምና።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ በሌላው ዓለም ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአምስተርዳም ከተማ አስተዳደር አልዶ ቫን አይክ የተባለውን ወጣት አርክቴክት የልጆች መጫወቻ ስፍራዎችን እንዲነድፍ አሰማራው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1947 በአንድ የሰፈር አደባባይ ላይ ተሠራ። የነበረው ነገር እጅግ ቀላል ነበር፤ የአሸዋ ጉድጓድ፣ መንጠላጠያ ብረቶች፣ ጥቂት ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች። በአጥር አልተከለለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ትምህርት ይሰጣል። የሌላ ሰፈር ነዋሪዎች ይህንን አይተው «በእኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ አለ፣ ይሠራልን» እያሉ ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። አስተዳደሩም ጥያቄያቸውን እየተቀበለ ሠራ። በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ የመጫወቻ ስፍራዎቹ ቁጥር ከ700 በላይ ደረሰ። ቦታውን የሚያውቀው ነዋሪው ነበር፤ ሙያውን የሚያውቀው ደግሞ አርክቴክቱ። አንዱ የሌላውን ቦታ አልነጠቀም።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. የአንድነትና የወዳጅነት፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርኮች ተመርቀዋል። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላንም ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴ ስፍራ እንዲውል የሚል መርሕ ይዟል። እነዚህ በከተማ ደረጃ የሚታዩ ሥራዎች ናቸው። ይሁንና ታላቅ ፓርክ የሰፈርን መናፈሻ አይተካም። ከፈረቃ የወጣች የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሕፃን ይዛ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ምናልባትም መግቢያ ከፍላ በየዕለቱ ልትናፈስ አትችልም። ለእርሷ የሚያስፈልጋት በእግር አምስት ደቂቃ የሚርቅ፣ ጥላ ያለው፣ ሲመሽ የማያስፈራ፣ በነጻ የሚገባበት ቦታ ነው። የሠርቶ አደሩ የዕረፍት መብት የሚለካው በየዓመቱ በሚጎበኘው ሳይሆን በየዕለቱ በሚደርስበት ስፍራ ነው።

የነዋሪው መጠየቅ እንደ ውለታ የሚታይ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92ም ሕዝብን የሚመለከት የአካባቢ ፕሮጀክት ሲነደፍና ሲፈጸም ሕዝቡ አሳቡን እንዲገልጽ መደረግ እንዳለበት ይናገራል። «ሲነደፍ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው። ተነድፎ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ይህንን ግዴታ አያሟላም።

«ሕዝቡ የሙያ ዕውቀት የለውም፤ ውይይትም ሥራ ያጓትታል» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። የመጀመሪያው ክፍል ዕውቀትን በአንድ ሚዛን ብቻ የሚመዝን ነው። ጎርፉ በክረምት ከየት በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው ጥግ ሲመሽ እንደሚያስፈራ፣ ሽማግሌዎች ከቀትር ፀሐይ የሚሸሹት በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ከነዋሪው የተሻለ የሚያውቅ ባለሙያ የለም። ሁለተኛውም በቀላሉ ይፈታል። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ነው። ውይይቱ በጥር ተጀምሮ በሚያዝያ ቢያልቅ፣ ቁፋሮው በግንቦትና በሰኔ ቢፈጸም አንድም የተከላ ወቅት አይባክንም። የሚያጓትተው ውይይት አይደለም፤ ያለ ውይይት ተሠርቶ የፈረሰውን እንደገና መሥራት ነው።

ነዋሪው ራሱም አንድ ወጥ አይደለም። ወጣቱ ለኳስ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ አዛውንቱ ጸጥታ ይሻል። እናት ልጇ የሚጫወትበት ቦታ ከዓይኗ እንዳይርቅ ትፈልጋለች። የጉሊት ሻጯ መሸጫ ትሻለች፤ ባለሱቁ ደግሞ ከደጁ እንድትርቅለት ይመኛል። ማደሪያ አጥቶ በዚያው የሚያድርም አለ። ይህ በሕዝቡ መካከል ያለ፣ በውይይት የሚፈታ ቅራኔ ነው። እንደሌለ አድርጎ መሸፋፈን ግን ድምፁ ለሚጎላው ማድላት ነው። በስብሰባ መሐል እጁን አውጥቶ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ያለው፣ ጊዜ ያለውና ወንድ የሆነው ነው። ቅራኔው በትክክል እንዲፈታ ዝምተኛው ባለበት ቦታና በሚመቸው ሰዓት ሊጠየቅ ይገባል።

ስለሆነም የሚከተለው አሠራር ሊለመድ ይገባል እንላለን። በመጀመሪያ ንድፍ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ላይ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚጠቀም በሳምንቱ ቀናት ሁሉ፣ ጠዋትና ማታ ይመዝገብ። ቀጥሎም ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አዛውንቶች፣ ሕፃናትና በዚያ የሚሸጡ ሁሉ ለየብቻ ይጠየቁ። ባለሙያው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ከአንድ በላይ አማራጭ ከነወጪው ያቅርብ፤ ንድፉም እድሩ በሚሰበሰብበት፣ በወፍጮ ቤቱና በሱቁ ደጃፍ ላይ ይለጠፍ። ውሳኔው በግልጽ ይሰጥ፤ ተቀባይነት ያላገኘው አሳብም ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የድንኳኑና የኳሱ ቦታ በንድፉ ላይ በስሙ ተጽፎ ይታይ።

ከምረቃ በኋላ ያለው ሥራ ከዚህ አያንስም። የቦኖው ውሃ ቢቋረጥ ማን ይጠየቃል? የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው? በሩስ ስንት ሰዓት ይከፈታል? እዚህ ላይ አዲስ ድርጅት መፍጠር አያስፈልግም። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ ገቢና ወጪውን ለአባላቱ አስረድቶ፣ ድንኳኑንና ዕቃውን ጠብቆ መኖርን ያውቅበታል። በጋራ ሕንፃዎችም የጋራ ይዞታን የሚያስተዳድሩ የነዋሪዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት አሉ። ከእነዚህ የተውጣጣ የመናፈሻ ኮሚቴ ይመረጥ፤ በየዓመቱም ይታደስ። ሒሳቡ በመናፈሻው በር ላይ ይለጠፍ። የመንግሥት ድርሻ ግን በዚህ ሰበብ አይቀንስ። ነዋሪው አስተዳዳሪ ሆነ ማለት ባጀቱን ብቻውን ይሸከም ማለት አይደለም።

የሰፈር ማኅበራት አባላት በበኩላቸው መጠየቅን መጠበቅ የለባቸውም። ሜዳችሁ ላይ የሚለኩ ሰዎች ስታዩ ንድፉን ጠይቁ። በስብሰባ ላይ የማትስማሙበት ነገር ሲቀርብ ከመጨብጨብ ይልቅ አለመስማማታችሁ በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ አድርጉ። ለሴቶችና ለወጣቶች አባላት ቅድሚያ ስጡ። መዋጮ ስትጠየቁም በመጀመሪያ «ማን ወሰነው?» በሉ። ይህን ማለት ልማትን መቃወም አይደለም፤ ልማቱ የራሳችሁ እንዲሆን ማድረግ ነው።

የመናፈሻ ጥሩነት በምረቃው ዕለት አይታወቅም። በዚያን ዕለት ሣሩ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቀለሙ ሁሉ አዲስ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ችግኙን ያለ ትእዛዝ የሚያጠጣው ሰው ከተገኘ፣ የተሰበረውን ወንበር ደብዳቤ ሳይጠብቅ የሚጠግነው አናጢ ከሰፈሩ ከወጣ፣ ሐዘን በደረሰ ጊዜም ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ ካላጣ፣ መናፈሻው በእርግጥ የሕዝብ ሆኗል። ለዚህ ለመብቃት የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከመጀመሪያው የቁፋሮ ቀን አስቀድሞ፣ ነዋሪው ሲጠየቅ ነው።