አስተናጋጇ ለምን ሄደች?

ክላርክስተን ውስጥ ምግብ ቤት ካለዎት ይህን ጥያቄ እርስዎም ጠይቀውታል። ማን በርበሬ እንደማይችል፣ ማን ቡናውን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ለይታ የምታውቅ፣ ቅዳሜ ማታ ቤቱን ብቻዋን ስታስተናግድ ያመሸች ልጅ ሰኞ ትቀራለች። «እንደ እህቴ ይዣት ከዳችኝ» ይላሉ።

አንድ ደንበኛዬ ይህንኑ ሲያማርር መዝገቡን ገለጥኩት። በአንድ ዓመት አምስት አስተናጋጅ ተለዋውጠውበታል። አምስቱም የሚከፈላቸው በካሽ፣ በፖስታ ታሽጎ ነበር። «ለእነሱ ብዬ ነው፣ ታክስ እንዳይቆረጥባቸው» አለኝ። ለራሱም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እንዲህ ያሉት ልጆች በታክስ ወቅት እኔ ዘንድ ይመጣሉ። የአንዷ ባል አዲስ አበባ ነው። እርሱን ለማምጣት ፎርም አይ-864 ስትሞላ፣ ገቢዋ መንግሥት ካወጣው የድህነት መስመር 125 በመቶ መድረሱን ማሳየት አለባት። ገቢዋን ራሷ ብታስታውቅ እንኳ ደብልዩ-2 አምጪ ስትባል ምን ታቀርባለች? ፖስታውን? አፓርታማ ለመከራየትም፣ መኪና በብድር ለመግዛትም የሚጠየቀው ያው ወረቀት ነው። ታክሲ ነጂ ወገኖቼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ያልተጻፈ ገቢ ባንክ ፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ልጅቷ ሌሊት ተነሥታ በቫን ጌይንስቪል ዶሮ ፋብሪካ ትሄዳለች። ሥራው ከእርስዎ ቤት ይከብዳል። ግን ቼክ አለው።

ሕጉን ተከትሎ መክፈል ያከስራል የሚሉኝ አሉ። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 2.13 ዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ከቲፑ ጋር ተደምሮ 7.25 ካልሞላ ጉድለቱን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት። በቲፑም ላይ የአሠሪ ድርሻ 7.65 በመቶ ይከፍላሉ። ብዙዎች የማያውቁት ግን፣ ከዚህ ከከፈሉት ውስጥ የተወሰነው በፎርም 8846 ከገቢ ግብርዎ እንደሚቀነስ ነው። ቲፑ ካልተመዘገበ ይህ ጥቅም የለም። ከቲፑ ለራስ መቆንጠርማ ከ2018 ወዲህ ለባለቤትም ለሥራ አስኪያጅም በግልጽ የተከለከለ ነው።

ደንበኛዬ ሲወጣ «እስቲ ላስብበት» አለኝ። ስድስተኛዋ አስተናጋጅ ዓርብ ትጀምራለች። ደብልዩ-4 እና አይ-9 ፎርሞቹን አስይዤዋለሁ።