ዜማ የጉልበት ጌጥ ነውን?

«ዘፈን ሥራ ያዘናጋል» የሚሉ አሉ፤ «ዘፈን ከሥራ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ ነው» የሚሉም አሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚቃረኑ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ዜማን ከጉልበት ውጭ ያቆሙታል፤ አንዱ እንደ እንቅፋት፣ ሌላው እንደ ጌጥ።

የፎገራ ሜዳ ይህን አስተሳሰብ ያፈርሳል። በክረምት ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያረሰርሱት፣ የሩዝ አረም የሚነቀለው ጭቃ ውስጥ ተጎንብሶ ነው። ብቻውን የሚያርም ገበሬ ወገቡን ቶሎ ቶሎ ያቀናል። ለደቦ የወጣው ግን አውራጁ ሲያወርድ፣ ተቀባዩ ሲቀበል፣ እጁ ከምቱ ጋር ይሄዳል፤ የደከመውን የጓደኞቹ ድምፅ ወደ መስመሩ ይስበዋል። እዚህ ላይ ዘፈኑ ሥራውን የሚያስጌጥ ሳይሆን የሚመራ ነው። ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ካርል ቡኸር «ሥራና ምት» የተሰኘውን መጽሐፉን በ1896 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ያስረዳው ይህንኑ የዜማና የሥራ ዝምድና ነበር።

የስፖርት ሳይንስም ይህንኑ ይመሰክራል። መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ድካሙ ይቀልለታል፤ እርምጃው ከምቱ ሲገጥም ደግሞ ጽናቱ ይጨምራል። ጥረቱ እጅግ ሲበረታ ግን የሰውነት ጩኸት ዜማውን ይውጠዋል። ስለዚህ ዜማ አስማት አይደለም፤ ልክ አለው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በየካቲት 1998 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ 2000 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በድምፅ ማጉያ እንዲለቀቅ ያስመረጠው «ስካትማን» የተባለውን የውጭ ዘፈን ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የውጭውን ዘፈን ማምለክ አይደለም፤ ማውገዝም አይደለም። ሯጩ የመረጠው ለእግሩ ፍጥነት የሚስማማውን ምት ነው። ጥያቄው «ዘፈኑ የማን ነው?» ሳይሆን «ከየትኛው እንቅስቃሴ ጋር ይገጥማል?» የሚል ነው።

በዚህ መለኪያ ሲመዘኑ ብዙዎች ይወድቃሉ። የአረም ዘፈንን ወደ መድረክ አውጥቶ፣ ምቱን ለጭብጨባ ሲል አፋጥኖ፣ ማጭድን የጭፈራ ጌጥ የሚያደርግ ከያኒ ዘፈኑን አላሳደገም፤ ከሥራው ነጥሎ አድርቆታል። ተማሪዎችን በፊሽካ ብቻ የሚያሮጥ የስፖርት መምህርም ወላጆቻቸው በአዝመራው መካከል የሚያውቁትን ብርታት ከሜዳው ደጅ አስቀርቶታል። ድምፅ ማጉያ አስጩኾ «አነቃቃሁ» የሚል አዘጋጅም ጩኸትን ከምት አልለየም።

ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። የዘር ዓይነት በየመደቡ ተዘርቶ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ይያዛል። ዘሩን ከአረም ያዳነውን ክንድ የሚያበረታው ዜማስ ለምን አይመዘገብ? መውቂያ ሞተር በሚያጓራበት አውድማ የአውራጁ ድምፅ አይሰማም፤ አዛውንቱ አውራጅ ሲያልፍም ዜማው አብሮት ይቀበራል።

እንግዲህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ወላጆቻቸው ልኮ የደቦውን ዘፈን ያሰብስብ፤ በሶምሶማም በእርምጃም እየፈተነ ከእግራቸው የሚገጥመውን ይምረጥ። ከያኒው መድረክ ከመውጣቱ በፊት ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይማር። የባህል ኃላፊውም ዘፈኑን ከነእንቅስቃሴው፣ በሥራው ቦታ ያስቀርጽ። ከጉልበት የተወለደ ዜማ የሚኖረው ወደ ጉልበት ሲመለስ ብቻ ነው።